የጓሮው ኮንክሪት

በግንባታው ቦታ ቢሮ ውስጥ ኢንጂነር ቪላሩዝ የተጠበሰ የአሳማ ቆዳውን ጄርሊን ከፍታ በተወችው መጽሐፍ ላይ ዘርግፎ ይቆረጥማል። ቅባቱ ገጹን አልፎ ወደ ታች ሲሰርግ ታያለች። ሥራ ከጀመረች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው፤ የምህንድስና ፈቃድ ፈተናዋ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ፣ ከኢሎኢሎ ከተማ ዳርቻ የሚገነባው ትምህርት ቤት ድረስ በሁለት ጂፕኒ ታክሲ ተጋፍታ ትደርሳለች። እስኪመሽ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። ቤቷ ገብታ መጽሐፉን ስትገልጥ ሁለት ገጽ ሳትጨርስ ዓይኗ ይከደናል። በመለማመጃ ፈተናው ሃምሳ ስምንት ነው ያገኘችው፤ ማለፊያው ሰባ ነው። የማጥኛ ጊዜ ካላገኘች እንደምትወድቅ አሳምራ ታውቃለች።

"የዕረፍት ፈቃድ ፈልገሻል አሉኝ?" አለ ቪላሩዝ ጣቱን እየላሰ።

"ሁለት ሳምንት ብቻ፣ አለቃ።"

"ምን አላት! ይኸው ፈርሜልሻለሁ።" ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት እንጂ አልሰጣትም። "መጀመሪያ እነዚያ ስድስት ናሙናዎች ላይ 'ሁለተኛ ፎቅ፣ ምሰሶ' ብለሽ ጻፊና ለላቦራቶሪው መኪና አስረክቢልኝ።"

በሩ አጠገብ ላቦራቶሪው ጥንካሬያቸውን የሚፈትናቸው ስድስት የኮንክሪት ናሙናዎች ተደርድረዋል። ምሰሶው ሲሞላ ጄርሊን እዚያው ቆማ ነበር፤ ውሃ የበዛበት ኮንክሪት እንደ ሾርባ ነበር የሚፈሰው። ከእሱ የተቀዳውን እውነተኛ ናሙና ቪላሩዝ ሽንት ቤቱ ጀርባ አስጥሎታል።

"እነዚህ እኮ የምሰሶው አይደሉም። ጋሽ ሩፎ ቅዳሜ ለት ጓሮ ውስጥ ሲሚንቶ ደብል አድርገው ያቦኳቸው ናቸው።"

"ታዲያስ? ሁሉም የሚያደርገው ነው።"

"ሕፃናት የሚማሩበት ቤት ነው፣ አለቃ።"

"ኤጭ! ገና ሳታልፊ ኢንጂነር ልትሆኚብኝ ነው?" ሳቀባት። የታኘከው ቆዳ ከነምራቁ ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ታየ። ስልኩ ሲጮህ የፈቃድ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ።

አናጢውም ግንበኛውም የሆኑት ሽማግሌው ጋሽ ሩፎ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል።

"ጻፊውና ግልግል በይ፣ የኔ ልጅ" አሏት ቀስ ብለው። "መጀመሪያ ፈተናሽን እለፊ። እኔስ ወድጄ ያቦካሁት መሰለሽ?"

"ካለፍኩ በኋላስ ምን ያስፈርመኛል፣ ጋሽ ሩፎ?"

ጄርሊን ወረቀቱን አየችው። አሥራ አራት ቀን። በየቀኑ ስንት ምዕራፍ እንደምትጨርስ በሐሳቧ እያሰላች መሆኗን ስታውቅ ከቪላሩዝ ይልቅ ራሷን ተጸየፈች።

ውጭ የላቦራቶሪው መኪና ጥሩንባ ነፋ።

ማርከሩን አንስታ ተንበረከከች። በመጀመሪያው ላይ "ጓሮ፣ ቅዳሜ፣ የምሰሶ አይደለም" ብላ ጻፈች። ስድስቱም ላይ ያንኑ ደገመች። ጋሽ ሩፎ የእጅ ጋሪያቸውን አስጠጉና ጫኑላት።

ሾፌሩ መዝገቡን ዘርግቶ በእርሳስ ጭንቅላቱን አከከ። "ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው ይሄ? ላኪው ማን ልበል፣ ቪላሩዝ?"

"አይደለም" አለች። "ጄርሊን ፓላብሪካ በል። አምጣው፣ እኔው ልፈርም።"