የዓርብ ባልደራስ

በእስራኤል፣ ከሐደራ እስከ ሄርጽሊያ ባለው የባሕር ዳርቻ ሁሉ ፈረስ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጥላዬ ነው። ይህን የተናገረው ራሱ ጥላዬ ስለሆነ ምስክር መፈለግ አያሻም። አባቱ ጎንደር ውስጥ አርባ ፈረስ ነበራቸው፤ ጥላዬ ደስ ያለው ቀን ደግሞ ስልሳ ይሆናሉ። በልጅነቱ ወደ ሱዳን ሲወጡ ከስልሳው አንዱም አብሮ አልመጣም፤ የመጣችው አንዲት የውሰት በቅሎ ነበረች፣ እሷም ከመንገድ ተመልሳለች። እንግሊዝኛን እንደ ውሃ ጠጥቶታል። ናታንያ ከተማ፣ ሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና የሚሠራበት መጋዘን እሱ አንድ ሳምንት ቢቀር ይፈርሳል፤ መልገዛውን፣ ያንን ዕቃ የሚያነሣ ባለ ሹካ መኪና፣ እንደሱ የሚነዳ ገና አልተወለደም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን የሚሰማው ጆሮ አልነበረውም። ሚስቱ ከሄደች ቆይታለች። ልጁ ሺረል ቴል አቪቭ ነች፤ ስትደውል ወሬዋን የምትጀምረው "አባ፣ አሁን መዝጋት አለብኝ" ብላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሚያናግረው መልገዛውን ነበር፤ መልገዛው ደግሞ ወደ ኋላ ሲሄድ ጢጥ ጢጥ ከማለት በቀር መልስ አያውቅም። ስለዚህ ጥላዬ ወሬውን ከእሑድ ጀምሮ ያጠራቅምና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኪካሩ፣ የከተማው አደባባይ ላይ፣ ባሕሩ ቁልቁል ከሚታይበት አግዳሚ ወንበር፣ ለአያ ዘመነ ያራግፈዋል። ዓርብ ባይኖር ኖሮ ጥላዬ ይፈነዳ ነበር።

አያ ዘመነ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ከፋብሪካ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሳቸው አባት ፈረስ አልነበራቸውም፤ ለባለፈረሶች ልጓም የሚሠሩ ባለእጅ ነበሩ። ልጓሙን ሊለኩ የፈረሱን አፍ ሲከፍቱ ልጃቸው ከጎን ቆሞ ያይ ነበር። ከአባታቸው የቀረላቸው ቅርስ ያ ዓይን ብቻ ነው ይላሉ። ፈረሱ ሲራመድ የኋላ እግሩ የፊቱን ኮቴ አልፎ ከረገጠ፣ ጆሮው ካልተረበሸ፣ ብብቱ ላይ ላብ ካልታየ፣ "ይሄ ይሮጣል" ይላሉ።

ሁለቱ ስልኩን ውሃ መያዣ ላይ አስደግፈው ከእንግሊዝ የሚመጣውን እሽቅድምድም ያያሉ፤ አጥር የማይዘለልበትን፣ ሜዳ ለሜዳ የሚጋለብበትን። ገንዘብ የለበትም፤ ቢኖርበት ጥላዬ እስካሁን ባንኩን ከነሕንፃው ይገዛው ነበር። የመነሻው በር ሳይከፈት ሁለቱም የፈረሳቸውን ስም ይጠራሉ። ከሁለቱ ፈረሱ የቀደመለት እስከሚቀጥለው ዓርብ፣ እንደ ድሮው የንጉሥ ፈረሶች አዛዥ፣ ባልደራስ ይባላል፤ የተሸነፈው በማዕረጉ ሊጠራው ግዴታ ነው።

ከየፈረሱ ስም ጎን ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ባለፉት ውድድሮች ስንተኛ እንደወጣ የሚናገሩ። አንድ ማለት አንደኛ ነው። ዘጠኝ ማለት ወዳጅ ዘመድ ይጽናና። ለአያ ዘመነ አነባበቡን ያስተማራቸው ጥላዬ ነው፤ እንደ ዕብራይስጥ ከቀኝ ጀምሮ ወደ ግራ። ፊደል የቆጠሩት ሁለቱም እዚህ፣ በዕብራይስጥ ስለሆነ ሌላ አነባበብ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከዘጠኝ ተነሥቶ ሰባት፣ አራት፣ ሁለት እያለ አንደኛ የደረሰ ፈረስ ሲያገኙ "ይሄ እየተነሣ ነው!" ይሉና ይይዙታል። ፈረሱ ግን ሁልጊዜ ጭራ ሆኖ ይገባል። እነሱም አልከፋቸውም። ከኋላ ከሁለቱ ፈረሶች አንዱ አንዱን መቅደሙ አይቀርም፤ ማዕረጉም ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፣ ሳቁም እንዲሁ።

አንድ ሐሙስ ሺረል ማራገቢያዋን ልትወስድ መጣች። ሳትቀመጥ ስልኩን በትከሻው በኩል አየችው።

"አባ፣ ማ ዜ? ምንድን ነው ይሄ?"

"ፈረስ ነው። ተመልከቺ፣ ይሄ ከዘጠነኛ ተነሥቶ አንደኛ የደረሰ ጀግና ነው።"

"እንግሊዝኛ እኮ ነው፣ አባ። ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። አንደኛ ነበረ፤ አሁን ዘጠነኛ ነው። ጀግና አይደለም፣ ሚስኪን ነው። ማራገቢያው የት አለ?"

ማራገቢያውን አቅፋ ወጣች። ጥላዬ ያን ምሽት ሙቀቱ አልተሰማውም። ዓመታቱን ሁሉ የፈረሶቹን ዕድሜ ወደ ኋላ ሲያነብ ኖሯል፤ የሚወድቀውን የሚነሣ፣ የሚነሣውን የሚወድቅ እያለ።

ለአያ ዘመነ አልነገራቸውም። በማግስቱ ቁጥሩን በልቡ ከግራ አነበበና አንድ ማንም ያላየውን ጥቁር ፈረስ ጠራ። ጥቁሩ አንደኛ ወጣ። ጥላዬ አግዳሚው ላይ ቆሞ የጮኸው ጩኸት ቆጵሮስ ድረስ ተሰማ።

"ይበል፣ ባልደራስ!" አሉ አያ ዘመነ እየሳቁ። "ምን አይተህ ነው?"

"ሌሊት በሕልሜ መጥቶ ልጓሙን ሰጠኝ" አለ ጥላዬ።

በሚቀጥለው ዓርብም እሱ ቀደመ። በሚቀጥለውም። በጋው እየገፋ ሄደ፣ ባልደራስነቱ ከጥላዬ አልወርድ አለ። ፈረሱ አንደኛ ባይወጣ እንኳ ሦስተኛ ይወጣል፤ የአያ ዘመነ ግን ያው ከጭራ አይነቃነቅም። ጥላዬ የድል ወሬው ጨመረ፤ የአባቱ ፈረሶች ሰማንያ ደረሱ። አያ ዘመነ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ቆይተው ፈገግ ማለት ጀመሩ፤ ከዚያ "ባልደራስ" የምትለዋን ቃል እንደ መራራ መድኃኒት ቶሎ ብለው ይውጧት ጀመር። አንድ ዓርብ ደወሉ።

"ጉልበቴን አሞኛል፤ አልመጣም።"

በሳምንቱም ሰበቡ ጉልበት ነበር። ከዚያ ወዲያ መደወሉም ቀረ።

ጥላዬ ብቻውን ተቀመጠ። አንዷን ፈረስ መርጦ ስሟን ለመጥራት አፉን ከፈተ፤ የሚሰማው የለም። ያልተጠራ ፈረስ በሕጋቸው ያልተመረጠ ነው። ባዝራዋ አንደኛ ስትገባ ግን ራሱን መቆጣጠር አቅቶት "አላልኩም!" ብሎ ጮኸ። አጠገቡ ያሉት ሁለት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሴቶች ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ ሌላ ወንበር ሄዱ። እውነትም አላለም። ባልደራስ ሆኖ ነበር፤ ባልደራስ ብሎ የሚጠራው ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንድ ሰው አልነበረም። ያን ሳምንት መልገዛው እንኳ ጢጥ ማለቱን የቀነሰ መሰለው።

በመጨረሻ አያ ዘመነ ቤት ሄደ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው፤ ጉልበታቸው ደህና ነበር፣ ራሳቸው ናቸው ሊከፍቱለት የተነሡት።

"ምነው አያ ዘመነ፣ ጠፉ? ፈረሶቹ ዘመነ የት ሄደ እያሉ ነው።"

"ፈረስስ እኔን ትቶኛል" አሉ። "ዓይኔ አልቋል፣ ጥላዬ። አባቴ ያወረሰኝ እሱ ብቻ ነበር። የምይዘው ሁሉ ሬሳ ሆነ። እንግዲህ ቤቴ ልቀመጥ።"

ጥላዬ ምስጢሩን መያዝ ከዚያ በላይ አልቻለም።

"ዓይንዎ ምንም አልሆነም። ቁጥሩን ነው ስናነብ የኖርነው ገልብጠን። ከግራ ነው የሚነበበው። እኔ ነኝ ያሳሳትኩዎት።"

አያ ዘመነ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሽማግሌ ለማጽናናት ይህን ያህል ውሸት ታመጣለህ?"

"እውነቴን ነው!"

"አንተ እንግሊዝኛን እንደ ውሃ የጠጣህ ሰው፣ እንዴት ገልብጠህ ታነባለህ?"

"እንግሊዝኛ አላውቅማ!"

"አላውቅም?" አያ ዘመነ ወደ ፊት ጠጋ ብለው ፊቱን መረመሩት። "አታውቅም?"

"ሰላሳ ቃል ባውቅ ነው። ሺረል ናት የነገረችኝ። አባቴም ያን ያህል ፈረስ አልነበራቸውም።"

"ስንት ነበራቸው?"

"በቅሎ ነበረች። የውሰት።"

አያ ዘመነ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አኖሩ። "ትኩሳት የለህም" አሉ። "ታዲያ ምን ሆነህ ነው? በሞትኩት! ጥላዬ፣ ኩፓት ሆሊም ሄደህ ታይ። ዶክተር ይይህ፤ ነገ ዛሬ አትበል።"

ቢምል ቢገዘት አላመኑትም። ዕድሜውን ሁሉ በወሬ የሠራው ግንብ ከብረት የጠነከረ ነበር፤ ራሱም ሊያፈርሰው አልቻለም። ሊፍቱ ውስጥ ብቻውን ወረደ።

ዓርብ ሲደርስ ግን አያ ዘመነ ሸሚዛቸውን ቀይረው፣ የሱፍ ፍሬ በወረቀት ይዘው ከች አሉ።

"ፈረስ ላይ አይደለም የመጣሁት" አሉ ሲቀመጡ። "ታመሃል ብዬ ነው። ታየህ?"

"ታየሁ። ደህና ነኝ አሉኝ።"

"ዶክተሮቹ ምን ያውቃሉ።"

ጥላዬ ስልኩን አቆመ። ፈረሶቹ ወደ መነሻው እየተራመዱ ነው። አያ ዘመነ ሳይፈልጉ ዓይናቸው ሄደ፤ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ያን ዳማ እየው እስቲ። ቁጥሩን አንብብልኝ።"

ጥላዬ አየ። ከግራ ሲነበብ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ሚስኪን። ከሱ በታች አንዲት ነጭ ባዝራ ነበረች፤ ስምንት፣ ስድስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት። ከሁሉ ቀላል ክብደት የተጫነባት እሷ ነች፣ መሬቱ ዝናብ የነካው ነው፣ የመጨረሻውን ሁለተኛነት ያገኘችውም በእንዲህ ያለው ጭቃ ላይ ነው። ጥላዬ እንደዚህ ጥርት ብሎ የታየው አሸናፊ ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ስሟ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"ዘጠኝ፣ ስምንት፣ አምስት፣ ሁለት፣ አንድ" አለ።

"እየተነሣ ነዋ! ዳማው የኔ ነው። አንተስ?"

ጥላዬ ከዝርዝሩ ሁሉ ቁጥሩ የከፋውን ፈለገና ስሙን ጠራ። ከዚያም ለምን እንደመረጠው ያስረዳ ጀመር፤ አያቱ አንድ ጊዜ እንደዚህ ባለ ፈረስ የጣናን ሐይቅ ዞረው ለምሳ እንደተመለሱ። አያ ዘመነ በእፎይታ ተነፈሱ።

"ተመስገን፣ ተሽሎሃል" አሉ።

በሩ ተከፈተ። ነጯ መሀል ላይ ተደብቃ ቆየች፤ ሜዳው ሊያልቅ ሲል ወጥታ ብቻዋን ገባች። ዳማው ከኋላ ተርታ ነበር። የጥላዬ ፈረስ ግን ሌሎቹ ላባቸው ሲጠረግ ገና እየመጣ ነበር።

"ቀደምኩህ!" አያ ዘመነ አግዳሚውን በመዳፋቸው መቱት። የሱፍ ፍሬው ተበተነ። "በል ጥራኝ!"

"ባልደራስ።"

"አልሰማሁም፣ ባሕሩ ይጮኻል።"

"ባልደራስ ዘመነ!"

እርግቦቹ ተነሡ። አያ ዘመነ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ዓይናቸውን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉና ስልኩን እንደገና አዩ።

"ይህቺን ነጭ ግን በዓለም ላይ ማን ሊያስባት ይችል ነበር?"

ጥላዬ አፉን ከፈተ። ከዘመድ አዝማድ፣ ከመጋዘኑ ሠራተኛ፣ ከናታንያ ሕዝብ ሁሉ ቀድሞ ያያት እሱ ነው፤ ይህን ቢናገር አንዲት ፍሬ ውሸት አልጨመረበትም ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ በሕይወቱ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው።

"ማንም" አለ።

"አንተም?"

"እኔም።"

አያ ዘመነ በሐዘኔታ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት። "አይዞህ፤ ዓይን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። የዛሬ ሳምንት ቀደም ብለህ ና፣ አረማመዱን አሳይሃለሁ።" ሻባት፣ የቅዳሜው ሰንበት፣ እየደረሰ ስለነበር ተነሥተው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ኪካሩን አቋርጠው ሄዱ።

ጥላዬ እስኪሰወሩ አያቸው። ስልኩ ላይ ውድድሩ እንደገና ይታይ ጀመር። ድምፁን አጠፋና ነጯ ከመሀል ስትወጣ፣ ብቻዋን ስትሮጥ፣ ብቻዋን ስትገባ ዝም ብሎ ተመለከታት።