ለቴፑ አቆዪው

ለይኩን አንድ ዕቃ ሊገዛ ካሰበ ለሻጩ ማዘን ነው። ጫማ ሲገዛ ሁለቱንም አድርጎ ሱቁን ይዞራል፣ ሽንኩርት ሲገዛ አንድ በአንድ እያገላበጠ ይመርጣል። ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የመንገድ ሥራ የሚያስተምር መሐንዲስ ስለሆነ የሙያ ጠባይ ነው ብለን እንለፈው። ሚስቱ አያንቱ ግን አታልፈውም። «አንተ ለይኩን፣ እኔን እንዴት አንዴ አይተህ ብቻ አገባኸኝ?» እያለች ትስቅበታለች።

አያንቱ የሊሙ ገነት ልጅ ናት። ሄርማታ፣ ገበያው አጠገብ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ» ስትል ውላ ጊንጆ ጉዱሩ ወዳለው ቤታቸው ስትገባ ጫማዋን ታወልቅና ወጥ ቤት ገብታ ትዘፍናለች። ለማንም ብላ አይደለም። የልጅነቷን የኦሮምኛ ዜማ ትጀምራለች፣ ግጥሙ መሃል ላይ ሲጠፋባት ከራሷ በአማርኛ ትሞላዋለች። የጎረቤቷን ጭቅጭቅ፣ የአለቃዋን አነጋገር፣ የባሏን መላጣ ሳይቀር ታስገባበታለች። ለይኩን ሳሎን ቁጭ ብሎ ፈተና እያረመ ይህን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ይጠጣል። በዚያ ቤት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚወደው ነገር አልነበረም፤ ነግሯት ግን አያውቅም።

አንድ ቀን በስልኩ ቀዳት። መልሶ ሲሰማው ቆርቆሮ ውስጥ ሆና የምትዘፍን መሰለው፤ ተናደደና አጠፋው። ይህን ለሥራ ባልደረባው ለሚሊዮን ሲያጫውተው፣ ሚሊዮን ነገሩን አባባሰበት።

«ድምፅ እንዲያምር ከፈለግህ ክር ላይ ቅዳው። ድሮ ሬዲዮ ጣቢያ የነበረው ዓይነት፣ ሁለት ትልልቅ ጥቅል ክር ከላይ የሚሽከረከርበት ቴፕ። ስልክ ምን ያውቃል?»

ለይኩን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። መጀመሪያ ሄርማታ ያሉትን የአሮጌ ዕቃ ሱቆች አዳረሰ። አንዱ ጋ እንጨቱ በዘይት የተወለወለ፣ ዓይን የሚስብ ቴፕ አገኘ፤ ሲሰኩት ግን አጉረመረመና ጸጥ አለ። ባለሱቁ «የሚያዞረው ጎማ፣ ቺንጋው ብቻ ነው የላላው» አለ። ለይኩን ክዳኑን አስከፍቶ ሲያይ ሞተሩ ራሱ ተቃጥሏል። ሁለተኛው ሊሙ ገነት፣ አንድ የአያንቱ ዘመድ ቤት ተገኘ። ይሠራል፣ ግን ክሩ የሚነካው ሄድ ከብዙ ዘመን አገልግሎት ተበልቶ ስለነበር ቀጫጭኑን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል። ሦስተኛውን ሰርቦ ድረስ ሄዶ አየው። ንጹሕ ነው፣ ብዙም አልተነካም፤ ሆኖም በዝግታ ብቻ የሚዞር፣ ለንግግር የተሠራ ነው። ለስብሰባ ይሆናል፣ ለዘፈን አይሆንም። አያንቱ ሳቋን አፍና፣ «ለስብሰባም ቢሆን ብትገዛው ይሻል ነበር፤ አንተ ስታስረዳ የሚቀዳህ ያስፈልጋል» አለችው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቤት ውስጥ አንድ ልማድ ገባ። አያንቱ ወጥ ቤት ገብታ ማንጎራጎር ስትጀምር ለይኩን እስክሪብቶውን ይጥልና በሩ ላይ ብቅ ይላል።

«ቆይ፣ ቆይ! እንዲህ የሚያምረውን አሁን አታባክኚው። ለቴፑ አቆዪው።»

ዘፈን እንደ ስኳር ጣሳ ውስጥ ተከድኖ የሚቆይ መስሎታል። አያንቱ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅበት ነበር። ቀጥሎ ደግሞ «እሺ፣ ጋሪዳ» ብላ የጀመረችውን ስንኝ በለሆሳስ ትጨርስ ጀመር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለይኩን አላየም፤ ቴፕ ሲፈልግ ነበር።

በመጨረሻ አጋሮ ላይ አንድ አለ ተባለ። ባለቤቱ ኦቦ መሐሙድ ይባላሉ፤ በቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ቴፑን በወጣትነታቸው ገዝተው የልጆቻቸውን አፍ መፍታት ሲቀዱበት ኖረዋል። ልጆቹን የቀዱባቸውን ክሮች አይሸጡም፤ ቴፑን ግን ከባዶ ጥቅሎች ጋር ይሰጣሉ።

ቴፑ መልኩ አያምርም። አንዱ ማዞሪያ ወድቆ በጠርሙስ ቆርኪ ተተክቷል። ለይኩን ግን ሄዱን በባትሪ አየ፣ ጎማውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ጥቅሉ ሲዞር ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። የሚነቀፍ ነገር አጣ፤ ይህም ትንሽ ቅር አሰኘው።

«እንሞክረው» አሉ ኦቦ መሐሙድ። ማይኩን በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው አዞሩት። ግቢው ውስጥ ሚስታቸው አደ ነጅላ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በእጃቸው እያገላበጡ ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ። ጥቅሉ ዞረ፣ የድምፁን መጠን የሚያሳዩት መርፌዎች ተነቃነቁ። ሽማግሌው መልሰው ሲያሰሙት የአደ ነጅላ ድምፅ ከቡናው መንኳኳትና ከዶሮዎቹ ጋር ክፍሉን ሞላው። አደ ነጅላ በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው፣ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

«ወላሂ፣ እኔ ነኝ?»

ለይኩን ግንባሩን ቋጥሮ ነበር። «የግራው መርፌ ትንሽ ይዘገያል» አለ።

ኦቦ መሐሙድ አዩት። «መምህር፣ ለምን ፈለግኸው?»

«ባለቤቴ ትዘፍናለች። እቤት ውስጥ፣ ለራሷ። እሱን ልቀዳ ነው።»

«ማሻአላህ! እስቲ ዜማውን በል፤ ድምፁ ቀጭን ከሆነ ወዲህ፣ ወፍራም ከሆነ ወዲያ ነው ማዞሪያው የሚዞረው፤ አሳይሃለሁ።»

ለይኩን ጉሮሮውን ጠራረገ። የአያንቱ ዜማ እንዴት ነበር የሚጀምረው? አፉን ከፈተ፤ ምንም አልመጣለትም። እንደገና ሞከረ።

«ካልሰማሁት ትንሽ ቆይቷል» አለ።

«ምነው፣ አሟታል?»

«ኧረ ደኅና ናት። ቴፑን እየጠበቅን ነው።»

ኦቦ መሐሙድ ቴፑን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ሰጡት። ለይኩን ከአጋሮ ወደ ጅማ በሚኒባስ ጭኑ ላይ ታቅፎት ሲመለስ ወደ ኋላ ያሰላ ጀመር። ለመጨረሻ ጊዜ የዘፈነችው መቼ ነው? ክረምት ሳይገባ ነው? ሰርቦ ከመሄዱ በፊት ነው? ቢያስብ ቢያስብ የመጣለት የራሱ ድምፅ ብቻ ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ «ቆይ» ሲል። ጭንቀቱን ለማባረር ቴፑን ጠበቅ አድርጎ ያዘው።

እሑድ ከሰዓት ሳሎኑን አዘጋጀ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደ፣ ፍሪጁን ነቀለ፣ ጎረቤት ሄዶ ቴሌቪዥን እንዲቀንሱለት ለመነ። ከዚያ አያንቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማይኩን ፊቷ አቆመ።

«የቱን ልዝፈን?» አለችው።

«ያንን ወጥ ቤት ውስጥ የምትዪውን።»

«የቱን?»

«ያንን ነዋ…» አለ። ዘፈኑ ስም አልነበረውም።

አያንቱ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዘፈነች። አልተሳሳተችም፣ ግጥሙም አልጠፋባትም፣ ስለማንም መላጣ አላነሳችም። ላቦራቶሪ ደም እንደምትሰጥ ሰው ጸጥ ብላ ጨረሰችና «በቃ?» አለች። ለይኩን መልሶ አሰማው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የዝንብ ጥዝታ እንኳ የለበትም። እንዲህ ያለ ቅጂ ሲመኝ ነው የከረመው። ሰምቶ ሲጨርስ ግን ክው አለ።

«ቆንጆ ነው» አለች አያንቱ።

«አንቺ አይደለሽም ግን።»

«እኔ ነኝ እንጂ። ማን ሊሆን ነው?»

«በፊት የምትዘፍኚው እንዲህ አልነበረም። አሁን ለምን ተውሽው?»

«ዝም በይ ስትለኝ ተውኩት።»

«ዝም በይ ብዬሽ አላውቅም! ቆይ ነው ያልኩት።»

«ለእኔ ያው ነው፣ ለይኩን።» ተቆጥታ አልተናገረችውም። «መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ኋላ ላይ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ተነስተህ የምትመጣ እየመሰለኝ… እንጃ፣ ሂን ቤኩ። ሲቀር ለእኔም አልታወቀኝም።»

ለይኩን ይቅርታ ልበል አለ፤ ቃሉ ለጉዳዩ ያነሰ መሰለው፤ ስለዚህ ሳይለው ቀረ፣ ይኼም ሌላ ጥፋት ነው። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረደ፣ ፍሪጁን ሰካ። ቴፑን አልጋ ስር ከተተው። በዚያ ሳምንት ከሥራ እንደተመለሰች ሳሎን ቁጭ ብሎ ወጥ ቤቱን ያዳምጣል፤ የሚሰማው የድስት ክዳንና የቢላዋ ድምፅ ነው። እንደሚያዳምጥ ታውቃለች። ማወቋንም ያውቃል። የገዛ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሆነ፤ አዘነ፣ ማዘኑን ግን የሚያካፍለው ሰው የለውም።

አንድ ቀን ከሥራ አቧራ ለብሶ ገባና ሻወር ቤት ገባ። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ አያንቱ ሁልጊዜ «ቶሎ ዝጋው» ትለዋለች። ሳሙና ተቀብቶ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ ከውሃው ድምፅ ጀርባ አንድ ነገር የሰማ መሰለው። ቧንቧውን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። ውሃው ቢቆም በደንብ ይሰማዋል። ውሃው ቢቆም ግን መስማቱን ታውቃለች።

እጁን መለሰ። ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ከሦስት ቃል አንዱን ብቻ እየያዘ፣ ውሃው ያልቅብኛል ብሎ እየፈራ ቆመ። አያንቱ ወጥ ቤት ውስጥ ግጥሙ ጠፋባትና ከራሷ ሞላችው፤ ምን ብላ እንደሞላችው አልሰማም።