የስንዝር ምርቃት

ሕንፃው ሲሠራ ለጨርቅ መሸጫ ተብሎ ነው የተሠራው። ፊቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት፣ ውስጡ አንድ ረጅም አዳራሽ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ አናጢው እዚያው ገጣጥሞት በየትኛውም በር የማይወጣ ትልቅ የእንጨት ባንኮኒ። ከባንኮኒው ኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሙትን ሰው ሰፈሩ "ጋሽ ጣቃ" ይላቸዋል። ከባዱን ጣቃ ጨርቅ እንደ ሕፃን ታቅፈው ከመደርደሪያ ሲያወርዱ ያየ ሰው ያወጣላቸው ስም ነው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ቢኖር ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው።

ከዚያ ሰው ልብስ ማሰፋት ተወና የተሰፋ መግዛት ጀመረ። ገበያው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ጋሽ ጣቃ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ዝንብ እሽ ሲሉ ይውሉ ጀመር። አንድ ቀን ልጃቸው መጥታ፣ "አባዬ፣ አዳራሹን ከፋፍለን መኖሪያ ቤት ብናከራየውስ?" ስትላቸው ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው "እንዳሻሽ" አሉ። ልጅቷን ያስደነገጣት ይኸው እሺታ ነበር። እኚህ ሰው እኮ በሕይወታቸው ሙሉ በመጀመሪያ ለተጠራ ዋጋ እሺ ብለው አያውቁም።

ልጅቷን "ሜትሬ" ይሏታል። ትንሽ ሆና የጨርቁን ጫፍ ይዛ የምታስለካላቸው እሷ ነበረች። አድጋ የሕንፃ ሥራ ተማረች፤ ከኪሷ የሚጠቀለል ሜትር አይጠፋም፤ ስሙም አብሯት አደገ። የአዳራሹን ፕላን ራሷ ነደፈች። በተርታ አምስት ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማድቤትና መታጠቢያ ያላቸው። አራቱ ለተከራይ ናቸው። አምስተኛውን፣ ባንኮኒው ያለበትንና በመስታወቱ መንገዱ ወለል ብሎ የሚታይበትን የጥጉን ቤት፣ ለአባቷ አስባዋለች። ለማንም ግን አልተናገረችም።

ያልተናገረችውም ወዳ አልነበረም። ሥራው ሊጀመር ሰሞን አባቷ ሌላ ከተማ ላለችው እህታቸው በስልክ፣ "ግንባታው ሲያልቅ አንቺ ዘንድ ጠቅልዬ እመጣለሁ። እዚህ ምን እሠራለሁ? የምሸጠው የለኝ፣ የሚገዛኝ የለኝ" ሲሉ ሰምታለች። አክስቷ ደግ ሴት ናት፤ ግን ግቢዋ ውስጥ ከዶሮዎቿ በቀር የሚያወራ የለም። ከሰው ጋር ሲከራከር የኖረ አንደበት እዚያ ሄዶ ሲዝግ ታያት። "እዚሁ ቅር" ብትላቸው "እንዳሻሽ" ብለው እንደሚሄዱ ታውቃለች። ስለዚህ ቤቱን ጨርሳ፣ ቀለም ቀብታ፣ ቁልፉን እጃቸው ላይ ልታኖር ወሰነች። ያኔ ዓይናቸው አይቶ እምቢ አይልም አለች።

ግንበኛው ሥራውን ጀመረ። ይህን ሰው "ውሃ ልክ" ይሉታል፤ የሠራው ግድግዳ እንደ መሣሪያው ስም ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው። ሜትሬ በርና መስኮት ልታሠራ፣ ቧንቧ ልትገዛ ላይ ታች ስትል፣ አባቷ ከግንበኛው ጋር ይውላሉ። የድሮ ሽርጣቸውን አውጥተው ታጥቀዋል፤ የእንጨት ሜትራቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ብሎኬት መሀል ይንጎራደዳሉ። ልጅቷም ከሩቅ እያየች ደስ ይላት ነበር። ደስ የሚያሰኘው ነገር ምን እያበሰለላት እንደሆነ መች አወቀች!

የመጨረሻው ግድግዳ ሊጀመር ሲል አንድ ጠዋት ብትገባ፣ ግንበኛው ልክ የሚይዝበትን ሲባጎ ባንኮኒው መሀል ላይ ወጥሮታል።

"ውሃ ልክ፣ ይሄ ሲባጎ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ግድግዳው የሚያርፈው እዚህ ነዋ።"

"በባንኮኒው ወገብ ላይ?"

"እህቴ፣ እኔ የተለካውን ነው የወጠርኩት" አለና ጣሪያውን መመርመር ያዘ። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

ሜትሯን ከኪሷ አወጣች። የመጀመሪያው ቤት መኝታ ክፍል በስንዝር ሰፍቷል። ሳሎኑም እንዲሁ። ሁለተኛው ቤት ሄደች፤ ስንዝር። ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ ስንዝር፣ ስንዝር። ስንዝሩ እየተጠራቀመ ግድግዳዎቹን ወደ ጥጉ ገፍቷቸዋል።

"ጋሼን ጠይቂያቸው" አለ ውሃ ልክ፣ አሁንም ጣሪያውን እያየ።

ጋሽ ጣቃ የእንጨት ሜትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሲናገሩም አላፈሩም። "ምርቃት ነው።"

"የምን ምርቃት?"

"ጨርቅ ስሸጥ ልኩን ብቻ ቆርጬ ስሰጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? ልክ የሰጠሽው ሰው ተመልሶ አይመጣም። ስንዝር የጨመርሽለት ልጁን ይዞልሽ ይመጣል።"

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ጨርቅ አይደለም! ጨርቅ ሲያልቅ ሌላ ጣቃ ታወርዳለህ። አዳራሹን ከየት ነው የምናወርደው?"

ውሃ ልክ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ ሁለቱም አመለጡት።

"ከጥጉ ይቀነሳል ብዬ ነዋ" አሉ አባቷ። "እዚያ ማን ይገባል? የዕቃ ማስቀመጫ አይደል?"

ሜትሬ ቀለም የተቀባውን ቤት፣ እጅ ላይ የሚቀመጠውን ቁልፍ፣ ያሰበችውን ሁሉ ረሳችው። "የዕቃ አይደለም። ያንተ ቤት ነበር።"

ጋሽ ጣቃ ዞር አሉ። ጥጉን አዩ፤ መስታወቱን አዩ፤ ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት ሴት ጋሪ እየገፋች ስታልፍ አዩ። ከዚያ ሆዳቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

"እና ለማላውቀው ሰው የገዛ ቤቴን በስንዝር በስንዝር ቸርችሬዋለሁ በይኛ! ጎበዝ ነጋዴ!" ሳቃቸውን ሲጨርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ግድ የለሽም፣ እኔ እንደሆን ወደ እህቴ ልሄድ ነው። ባንኮኒውን ቁረጡትና ግድግዳው ይለፍ። እንጨት ነው።"

ይህን እያሉ ግን መዳፋቸው እንጨቱን ይዳብሰው ነበር።

"ባንኮኒው አይቆረጥም" አለች ሜትሬ። "ግድግዳዎቹ ይፈርሱና እንደ ፕላኑ ይሠራሉ።"

"ግድግዳዎቼ?" አለ ውሃ ልክ፣ ልጆችህን እረድ እንደተባለ ሰው። "ጋሼ፣ ኧረ አንድ ነገር ይበሏት!"

"ምን ልበላት? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።"

"ቤቶች! ሰው የለም?" የሚል ድምፅ ከበሩ ተሰማ።

አንዲት ወፍራም አሮጊት ናቸው፤ ከኋላቸው የነርስ ልብስ የለበሰች ልጃቸው ትከተላለች። በሩ ላይ የተለጠፈውን የኪራይ ማስታወቂያ አይተው ነው። አሮጊቷ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሲሸጡ ኖረው አሁን ልጃቸው ጡረታ ያወጣቻቸው ናቸው፤ እስካሁንም ሰዉ "እማማ ሽንኩርት" ነው የሚላቸው። ገና ከመግባታቸው ከጉያቸው የተጠቀለለ ገመድ አወጡ።

"የአልጋዬ ቁመት ነው" አሉ። "ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በገዛ እጁ የሠራልኝ አልጋ። እሱ ቁመቱ ረጅም ነበር፤ አልጋውም እንደሱ ሆነ። የዛሬ ቤት ሠሪዎች ግን ሰው ቆሞ የሚተኛ ይመስላቸዋል። ያልዞርንበት የለም፤ የትም አልገባም።"

"እማዬ አልጋውን ትተሽ ነይ ብላት አሻፈረኝ አለች" አለች ነርሷ፤ ፈገግ ብላለች፣ ግን ደክሟታል።

እማማ ሽንኩርት አራተኛው ቤት መኝታ ክፍል ገቡና የገመዱን አንድ ጫፍ ለልጃቸው ሰጡ። ገመዱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘረጋ። ተወጠረ። ሜትሬ ሳታስበው ትንፋሿን ይዛለች። በገመዱ ጫፍና በግድግዳው መካከል ሁለት ጣት የምታህል ቦታ ተረፈች።

"ገባ!" አሉ እማማ ሽንኩርት። "ኧረ ገባ! ልጄ፣ አልጋዬ ገባ!"

ጋሽ ጣቃ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው ቅንድባቸውን ብቻ አነሱ። ሜትሬ ሜትሯን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ውሃ ልክ ግድግዳውን እንደ ዳነ በሬ መታ መታ አደረገው።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን እማማ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ነጋዴ ደግሞ የወደደውን ነገር ሳያጣጥል አይወስድም። ከመኝታ ክፍሉ ወጥተው ባንኮኒው ፊት ቆሙ። ጋሽ ጣቃ መቼ እንደዞሩ ሳይታወቅ ከባንኮኒው ኋላ ናቸው።

"ቤቱስ ደህና ነው" አሉ እማማ ሽንኩርት አፍንጫቸውን ነፋ አድርገው፤ "ግን ጨለም ይላል። ኪራዩ ይቀነስ።"

"እመቤቴ" አሉ ጋሽ ጣቃ። ሜትሬ ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። "ጣሪያው ገና ቀለም አልነካውም እኮ። እርስዎ ሲገቡበት በፊትዎ ይበራል።"

"እኔን በምላስ አይገዙኝም። ሽንኩርት ሸጬ ልጅ ያስተማርኩ ሴት ነኝ።"

"ሽንኩርት! ታዲያ ስንቱን አስለቅሰዋል?"

"የእኔ ደንበኛ አልቅሶ አያውቅም። ያለቀሰ ካለ ሳይገዛኝ የሄደው ነው።"

ጋሽ ጣቃ ባንኮኒውን በመዳፋቸው ጧ አድርገው መቱ። ፊታቸው ፈካ። አሮጊቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ በሩ አዘገሙ፤ የሚሄድ ሰው ሳይሆን የሚጠራውን የሚጠብቅ ሰው እርምጃ ነው። አንድ እግራቸው ከደጅ ሲወጣ፣ "ይመለሱ እስቲ!" አሉ ጋሽ ጣቃ። ተመለሱ። እንደገና ሄዱ፤ እንደገና ተጠሩ።

"እማዬ፣ በቃሽ!" አለች ነርሷ አፍራ።

"ዝም በይ፤ ገና አሁን ነው የጣፈጠው።"

በመጨረሻ ተስማሙ። ሁለቱም የተሸነፉ ለመምሰል ፊታቸውን አኮሳትረዋል። "እሺ፣ ምርቃቱስ?" አሉ እማማ ሽንኩርት።

"ስንዝር ጨምሬልዎት የለ?"

"እሱ ለአልጋው ነው። ለእኔስ?"

ጋሽ ጣቃ ዙሪያውን ቃኙ። ከዚያ ዓይናቸው በእጃቸው ሥር ባለው እንጨት ላይ አረፈ። "የባንኮኒው ግማሽ ወደ እርስዎ ማድቤት ይግባ። እንዲህ ያለ ጣውላ ዛሬ አያገኙም።"

"ግማሹስ?"

"ግማሹ እኔ ጋ ይቀራል።"

ሜትሬ ዘወር አለች። አባቷ ያሉትን ራሳቸው የሰሙት አይመስሉም። *እኔ ጋ።* ሲባጎውን ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

"ውሃ ልክ፣ ባንኮኒው ሳይነካ ከሥሩ በብሎኬት ሙላው፤ ከላዩ በሳንቃ እንዘጋዋለን።"

"ድፍን እንዳታደርጉት!" አሉ እማማ ሽንኩርት። "ጨው ሲያልቅብኝ በየት ልጠይቅ? ትንሽ መስኮት ይኑረው እንጂ።"

የጥጉ ቤት ጠበበ፤ ይህን መካድ አይቻልም። አልጋ፣ ወንበር፣ ግማሽ ባንኮኒና ያ መስታወት ነው ያለው። ጋሽ ጣቃ የተረፈውን ጣቃ ሁሉ አውርደው ለየቤቱ መጋረጃ ቆረጡ፤ እንደ ልማዳቸው ስንዝር እየጨመሩ። ይኸው እስከ ዛሬ የሕንፃው መጋረጃ ሁሉ ወለል ይጠርጋል።

እማማ ሽንኩርት ከነአልጋቸው በገቡ ማግስት ሜትሬ የአባቷ ቤት መስታወት ሥር ቁጭ ብላ ሳለ የአባቷ ስልክ ጮኸ። አክስቷ ናት።

"ወንድሜ፣ ሥራው አለቀ አይደል? መቼ ነው የምትመጣው? ዶሮዎቹ እንኳ ጠበቁህ እኮ!"

ጋሽ ጣቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መልስ ሳይሰጡ የሳንቃው መስኮት ተከፈተና አንድ ወፍራም እጅ ብቅ ብሎ ባንኮኒውን ቋ ቋ ቋ አደረገው።

"ባለሱቅ! ማን አለ?"

"አቤት፣ እመቤቴ!" አሉ፤ ሽርጣቸውን እያስተካከሉም ወደ ስልኩ ተመለሱ። "እህቴ፣ እኔ እንኳ የምመጣ አይመስለኝም። በይ ደህና ዋይ፤ ደንበኛ ቆሞብኛል።"