የፍለጋው ሳጥን

ማክሰኞ ዕለት ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ የክሊኒኩ የክትባት ማቀዝቀዣ ግን አብሮ አልተመለሰም።

ፋርማሲስቷ ከጎን ካለው ክፍሏ ብድግ ብላ ወደ ጥገና ክፍሉ ገባች።

«አንቺ ልጅ፣ ድረሺልኝ! የማቀዝቀዣው ሙቀት እየጨመረ ነው። እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል፤ ክትባቱ ከተበላሸ ምን ልበላቸው?»

ጥገና ክፍሉ ውስጥ የቀረችው አብራው ትሠራ የነበረችው የቴክኒሻኑ ታናሽ እህት ብቻ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ድፍት ብሎ ከሞተ ገና ወር አልሞላውም። ሹራቡ እንኳ ከወንበሩ አልተነሳም። እስከዚያ ቀን ወንበሩን ዞራው ነበር የምታልፈው። አሁን ግን ማቀዝቀዣውን የሚያዘው ፕሮግራም ያለው በእሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነውና፣ ግድ ሆነባትና ተቀመጠች። ሹራቡ ጀርባዋን ሲነካት ነዘራት።

ስክሪኑ «መቆጣጠሪያው አይመልስም» ይላል። የአምራቹን ድረ ገጽ ከፍታ መመሪያውን ከላይ ጀምሮ ማንበብ ያዘች። መግቢያ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ገጽ በገጽ። «ከላይ በስተቀኝ ያለውን ሰማያዊ ምልክት ይጫኑ» ይላል። እሷ ዘንድ በስተቀኝም በስተግራም ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም።

«ችኩሌ» ይላት ነበር ወንድሟ በሕይወት ሳለ፣ አጠገቧ ቆሞ። «ልብ ወለድ መሰለሽ እንዴ ከመግቢያው የምትጀምሪው? መጀመሪያ የፕሮግራምሽ እትም ስንተኛው እንደሆነ እወቂ። ከዚያ ማሽኑ ያለሽን ቃል፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ የፍለጋው ሳጥን ውስጥ ጻፊ። ካላገኘሽ መልስ የለም ማለት አይደለም፤ የምትፈልጊው ከማይሆን ቦታ ነው።»

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ» አለች ሳታስበው፣ ጮክ ብላ።

ፋርማሲስቷ ዞር ብላ በሩን አየች። ማንም የለም።

እህትየው መመሪያው ገጽ ላይ ባለው የፍለጋ ሳጥን ውስጥ መጻፍ ጀመረች፤ «መቆጣ» እንዳለች ቀሪው ከሥር ራሱ ብቅ አለ፦ «መቆጣጠሪያው አይመልስም እትም አራት»። ኮምፒውተሩ ያስቀረው የወንድሟ የድሮ ፍለጋ ነበር። በሕይወቱም ንግግሯን ከአፏ ነጥቆ መጨረስ ልማዱ ነው። ለካ ስታነብ የቆየችው የሰባተኛውን እትም መመሪያ ነው፤ የእነሱ ፕሮግራም አራተኛው ነው።

ያንኑ መስመር ስትጫን አንድ አጭር አንቀጽ ወጣ። መብራት ከሄደ ፕሮግራሙን ዝጋ፣ የመቆጣጠሪያውን ገመድ ነቅለህ መልሰህ ሰካ፣ ፕሮግራሙን ክፈት። እንደተባለው አደረገች። ከግድግዳው ወዲያ ማቀዝቀዣው አጉረመረመ።

«ተነሳ!» አለች ፋርማሲስቷ፣ የሙቀት መለኪያውን አይታ እየተመለሰች። «ገና አልተበላሸም። እሱ ሰውዬ ሞቶም ሥራ አይለቅም እኮ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ እህትየው ሳቋ መሀል ላይ እንባዋ መጣ። ሌላ ምን ምን ሲፈልግ እንደኖረ ማየት አማራት፤ ጥቂት ደግማ ድምፁን የምትሰማ መሰላት። ባዶውን ሳጥን ስትነካው ፍለጋዎቹ ተደርድረው ወረዱ። ገመድ፣ ማንቂያ፣ የይለፍ ቃል። ከሁሉም በላይ፣ የመጨረሻው፦ «ደረት መጫን ግራ ክንድ መደንዘዝ»።

ወንድሟ ፊት ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውለው ይሄው የማቀዝቀዣው መመሪያ ነበር። ሕመሙ ሲይዘው እጁ የደረሰበት ሳጥን እሱ ሆነ። ተጫነችው። «ለዚህ ቃል የተገኘ ውጤት የለም» አለ ገጹ።

ፋርማሲስቷ በእህትየው ትከሻ ላይ አሻግራ አነበበችው። ከዚያ መዳፏን ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ እኮ ነበርኩ» አለች። «ቢያንኳኳ ይሰማኝ ነበር።»

የዚያን ዕለት ልጆቹ ሁሉ ተከተቡ። በኋላ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ እህትየው አሮጌውን ለምና ወደ ቤቷ ወሰደችው። ከፍታው አታውቅም።