ለየት ያለ ነው

ኮሪን ቲቦዶ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ ሊጥ መቁረጧን ቀጠለች። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። አርቪድ ኖርግሬን ዛሬም አያነሱም።

"ወፍጮው እየጮኸባቸው ይሆናል" አለች።

"ሰኞ ወፍጮ የለም" አለች አብራት የምትጋግረው ማርሊስ ከምድጃው በኩል።

አርቪድ ከሰሜናዊቷ የዱሉት ከተማ ወጣ ባለ መንደር የራሳቸውን ስንዴ በድንጋይ ወፍጮ እየፈጩ ለጥቂት ዳቦ ቤቶች ብቻ የሚሰጡ ሽማግሌ ናቸው። የኮሪን ዳቦ ቤት ስም ያወጣው በእሳቸው ዱቄት ነው። የዘንድሮው አዝመራ ገብቷል። ለማን እንደሚሰጡ፣ ማንን እንደሚተዉ የሚወስኑት በዚህ ሳምንት ነው።

"ምን በደልኳቸው? እንደ እኔ ያስተዋወቃቸው ማን አለ?"

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ፌስቡክ ከፈተች። በዳቦ ቤቱ ገጽ ላይ ብዙ ሰው ያየው ቪዲዮ ይኸው አለ። አርቪድ ዱቄት በጣታቸው ያሻሉ፤ ከላይ "የሰሜኑ የዱቄት ንጉሥ" ይላል። ከሥሩ እሳቸው ራሳቸው "ለየት ያለ ነው" ብለው ጽፈዋል። ኮሪን ደስ ብሏት "ከልብ አመሰግናለሁ!" ብላ መልሳለች። ከዚያ ወዲህ ሌሎች የንጉሥ ቪዲዮዎችም ጨምራለች።

"አየሽ? ወደውታል።"

ማርሊስ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። አነበበችና ከት ብላ ሳቀች።

"አንቺ የደቡብ ሰው፣ የሉዊዚያና ልጅ! ይሄን ብሎሽ ነው ያመሰገንሽው?"

"ምን አለበት?"

"አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሠራሁትን ምግብ ሁሉ 'ለየት ያለ ነው' እያሉ ነበር ወደ ጎን የሚገፉት።"

"አልወደድኩትም አይሉም ታዲያ?"

"እዚህ አገር ሰው ቤቱ ቢቃጠልበት 'ዛሬ ትንሽ ሞቅ ብሏል' ነው የሚልሽ። አንቺ ደግሞ አርቪድን ጭራሽ ንጉሥ አደረግሽው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ 'ግርማዊነትዎ፣ ይለፉ' እያሉ ሲያሾፉበት ሰምቻለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ።"

ኮሪን ፊቷ ቀላ። ይቅርታ ልጻፍ ብላ ጀመረች፤ ግን ምን ብላ? እኚህ ሰው የሚወዱት ምንድን ነው? ወደ ገጻቸው ገባች። የራሳቸው ፎቶ አንድም የለም። ሌሎች ሰዎች በለጠፉት ሥር የጻፉትን ፈልጋ ማንበብ ያዘች። የጎረቤት ትራክተር ቆሟል፤ "ማጣሪያውን አውጥተህ እይ" ብለዋል። በረዶ የመታው ማሳ ፎቶ አለ፤ "ሥሩ ካልሞተ ይመለሳል" ብለዋል። አንዲት ሴት ማር አልረጋ ብሏት ጠይቃለች፤ አርቪድ ረጅም መልስ ጽፈውላታል።

"ማርሊስ፣ የተበላሸ ነገር ባለበት ሁሉ አሉ።"

"አብረን ትምህርት ቤት ሳለንም እንዲያው ነበር። የተሰበረ ብስክሌት ካየ አያልፍም።"

ኮሪን የእሷን ገጽ መልሳ አየችው። ሁሉም ዳቦ ያበጠ፣ ሁሉም ወርቅ የመሰለ። አርቪድ ለሙከራ በላኩላት የአዲሱ ስንዴ ዱቄት የጋገረችው ግን ከኋላ መደርደሪያ ላይ ጠፍጥፎ ተኝቷል። ለማንም አላሳየችውም።

የንጉሡን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

"እንዴ! ደንበኛ ያመጡልሽን?"

"ግዴለም።"

ጠፍጣፋውን ዳቦ ለሁለት ቆርጣ ፎቶ አነሳችውና ጻፈች፦ "አዲሱ ስንዴ እንቢ አለኝ። አርቪድ፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?"

"ይሄን ደንበኛ ሲያየው ምን ይላል?" አለች ማርሊስ።

"ለየት ያለ ነው ይላላ።"

ማርሊስ ሳቋን ሳትጨርስ ስልኩ ተንጫረረ። አርቪድ ናቸው፤ እዚያው ከፎቶው ሥር፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት፦ "ውሃ አብዝተሻል። ይሄ ስንዴ ውሃ አይችልም። ሊጡን አሳዪኝ።"

ኮሪን የአዲሱ ስንዴ ሊጥ ያለበትን ገበታ ክዳን ከፈተች። ሊጡ እንደ ሙጫ ተዝረክርኮ በገበታው ጠርዝ ይወርዳል። ማርሊስ ፈጠን ብላ ከአምናው ዱቄት የተጋገሩትን ወርቃማ ዳቦዎች ከበስተኋላው ደረደረች።

"ቢያንስ የፎቶው ጀርባ ይመር።"

ኮሪን ዳቦዎቹን በክንዷ ወደ ጎን ገፋቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሚወርደውን ሊጥ ከቅርብ ፎቶ አነሳችው።