የጥላው ግድግዳ ሐረግ

ቸርነት ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ከሳሎኑ ወንበር ተነስቶ ደጅ መውጣት እርም ብሏል። «ምን አያለሁ ብዬ ልወጣ?» ይላል፤ አለቀ። ሚስቱ ሕብስት ግን እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ዓይን ባያይ አፍንጫ አለ ብላ፣ ቶኔ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታቸው ጓሮ፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር፣ ባሏን በመዓዛው ጠርቶ የሚያወጣ ሐረግ ልትተክል ቆረጠች።

ችግሩ ግድግዳው ነው። ፀሐይ እዚያ የምትመጣው እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ብቅ ብላ ትሄዳለች። መጀመሪያ ጃስሚን ተከለች፤ ጥላው አልስማማው ብሎት አንድ አበባ ሳያሳይ ጠወለገ። ግድግዳ ላይ የሚወጣ ጽጌረዳ ሞከረች፤ እሾህ ብቻ አተረፈች። በመጨረሻ ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር የምትኖረው እህቷ አገሪቱ፣ «እናንተ ጋ በፈረንሳይኛ ሼቭርፌይ የሚሉትን ሐረግ ትከዪ፤ እሱ ጥላ አይፈራም፤ ሽታውም ልዩ ነው» አለቻት።

ሼቭርፌዩ አላሳፈረም፤ ተጠማዞ ወጥቶ መስኮቱን ከቦ በነጭና በቢጫ አበባ ተሸፈነ። ሕብስት ቀትር ላይ፣ አየሩ ሞቅ ሲል፣ ባሏን እጁን ይዛ መስኮቱ ጋ ታቆመዋለች።

«ሸተተህ?»

«ምኑ?»

እሷም አፍንጫዋን አበባው ውስጥ ትወሽቃለች፤ ምንም የለም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ብርድ እንዳይመታው መስኮቱንም በሩንም ትጠረቅማለች። በሕብስት ቤት ከሰይጣን ቀጥሎ የሚፈራ ነገር ቢኖር የማታ ነፋስ ነው።

አንድ የሰኔ ቅዳሜ ለእህቷ ለአገሪቱ የልጅ ልጅ ክርስትና ዙሪክ ሄደች። እግረ መንገዷንም እህቷን «የማይሸት ነገር አስተከልሽኝ፤ ነቅዬ ልጥለው ነው» ብላ ወረደችባት። ስትመለስ ባቡሩ ዘገየ። ሎዛን ጣቢያ ላይ የሳሎኑን መስኮት ሳትዘጋ መውጣቷ ትዝ ሲላት፣ «በቃ፣ ዛሬ ሳምባውን መታው!» እያለች ተብከነከነች።

ቤቷ ስትደርስ እየመሸ ነበር። የሳሎኑ ወንበር ባዶ ነው። የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስሙን እየጠራች ወደ በሩ ሮጠች።

ደፉ ላይ ቆመች። ሽታው ነው ያቆማት። እንደ ማር የሚጣፍጥ፣ እንደ ሎሚ የሚያነቃ ሽታ ጓሮውን ሞልቶት፣ አየሩ ራሱ የሚጠጣ መሰላት። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር አሽትታ አታውቅም፤ «እግዚኦ!» አለች። ቸርነት ብቻውን ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን አበባው ውስጥ ቀብሯል፤ ጋቢው መሬት ወድቋል፤ የማታ ቢራቢሮዎች በሽበቱ ዙሪያ ይዞራሉ።

«ሕብስት፣ አንቺ ነሽ?» አለ ሳይዞር። «በመስኮት ገብቶ ጠራኝ። ይሄ ነገር በየማታው እዚህ ነበር እንዴ?»

«ነበር» አለች።

«ብርድ ይመታሃል» ልትል ነበር፤ ዋጠችው። ጋቢውን አንስታ አለበሰችው። ከዚያ ሳሎን ገብታ ያን ወንበሩን ተሸክማ ወጣች።