የጓሮው ጅራታም ኮከብ

ዘቢደር ቆሻሻ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ያ ቀን ደግሞ ኅዳር ሲታጠን ነበር፤ የ2007 ኅዳር 12። ጅቡቲ ሀራሙስ ሰፈር፣ በምትሠራበት ቪላ ግቢ ውስጥ ግን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጨስ አይታሰብም፤ ዘበኛው ሙጠሊብ ገና ክብሪት ስታነሳ ይጮኻል። ስለዚህ ጢሱ ቢቀር ጽዳቱ አይቅር ብላ ቤቱን ፈተገችው። የወጥ ቤቱን ፍሪዘር ስትከፍት በከሰል ዱቄት የጠቆረ በረዶ በትሪ ተቀምጦ አገኘች። አማትባ ደጅ ደፋችው። የቀረውን የጅቡቲ ፀሐይ ጨረሰችው።

ቀትር ላይ አሠሪዋ፣ ፈረንሳዊው ሙሴ ጄራር፣ መጥቶ ባዶውን ትሪ ሲያይ ራሱን ያዘ። የሳይንስ አስተማሪ ነው። በዚያ ሰሞን አንዲት መንኮራኩር ጅራታም ኮከብ ላይ አርፋ ስለነበር፣ እንዲህ ያለው ኮከብ የተሠራበት በረዶና ጥቁር አቧራ በጨረር ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ሊያሳያቸው ተማሪዎቹን ለአሥር ሰዓት ቤቱ ቀጥሯቸዋል። የተደፋውን በረዶ አራት ቀን ሙሉ ውሃ በመርጫ እየነፋ ነበር ያዘጋጀው።

ዘቢደር ክው አለች። ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ከሥራ የተሸኘችው የማይክሮስኮፑን መስታወት በሽቦ ፈትጋ ነው።

ሙሴ በረዶ ፈጭቶ ሞከረ፤ ድንጋይ ሆነበት። እንደ ጥጥ የሳሳ፣ በቀዳዳ የተሞላ መሆን አለበት እያለ ተበሳጨ። ዘቢደር እንዲህ ያለ በረዶ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ችግሩ መናገሩ ነው። የጓሮውን የዓሣ ፍሪዘር ሽታውን ጠልታ ስድስት ወር ስላላጸዳችው ግድግዳው እንደ ጥጥ ያለ አመዳይ ለብሷል፤ በየሳምንቱ ግን አጽድቻለሁ ስትል ነው የከረመችው። ብትናገር ያባርራታል፣ ዝም ብትልም ያው ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«ሙሴ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ይምጡና ይዩ» አለችው።

ፍሪዘሩን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያ ማንኪያ አምጪ አላት። ሁለቱም እየተሽቀዳደሙ አመዳዩን ከግድግዳው ላይ ፍቀው ትሪ ሞሉ፤ እዚያው ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው የከሰል ዱቄት ነሰነሱበት።

ልጆቹ ፍሪዘሩን ሲከቡ ኮከቡ ዓሣ ዓሣ ይሸታል ብለው ሳቁ። ሙሴም እውነተኛው ኮከብ ከዚህ የባሰ ይገማል ብሎ አስተባበለላት። እንደ ፀሐይ የሚያሞቅ አምፖል ጥቂት አብርቶበት ክዳኑን ዘጋ። ሲከፍተው ጥጡ ሰምጦ ላዩ ቅርፊት አውጥቷል፤ በማንኪያ ቢመታው ኳ አለ። አንዷ ልጅ ሳይቀልጥ እንዴት ጠነከረ ብላ ጠየቀች። ዘቢደር መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር የምታየው ነገር ነውና ቀድማ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዋ አስረዳቻት፦ ቅንጣቶቹ ሲሞቁ ጫፍ ለጫፍ ይጣበቃሉ፣ በመሐል ያለው ቀዳዳ ይጠብባል፣ ሲቀዘቅዙም እንደተያያዙ ይደርቃሉ።

ልጆቹ ሲሄዱ ስንብቷን እየጠበቀች ማንኪያ ታጥብ ጀመር። ሙሴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«የዓሣውን ፍሪዘር እንዳትነኪው። የሚቀጥለው ዓርብ ሌላ ክፍል ይመጣል» አላት።

ከዚህ ሁሉ ዘቢደር የሰማችው «የሚቀጥለው ዓርብ» የሚለውን ብቻ ነው። ማንኪያውን እንደያዘች ሳቋ አመለጣት።